ሁለት ሺህ ጊዜ የተለጠፈ ፊት

ነፍሰ ገዳዩ ልጅ ይግባኝ ማለቱ በሬዲዮ በተነገረ ዕለት ከተማው በሙሉ የሕግ ምሁር ሆኖ ዋለ። ይግባኝ በየትኛው መስኮት እንደሚገባ እንኳ የማያውቅ ሰው፣ እኩለ ቀን ሳይሞላ ስለ አንቀጽና ንዑስ አንቀጽ፣ ስለ ቅጣት ማክበጃና ማቅለያ ይተነትን ጀመር። ሰፈርተኛው «ምላጭ» የሚለው ፀጉር አስተካካይ የደንበኛውን አገጭ በሁለት ጣቱ ቀና አድርጎ ይዞ፣ ሃያ ሁለት ዓመት እስራት ለአንድ ነፍስ ምን ያህል እንደሚያንስ አስረዳ። ደንበኛው ጉሮሮው ላይ ስለት ነበረና ተስማማ። አውቶቡስ ውስጥ አንዲት ሴትዮ ልጁ ይሰቀል ስትል፣ አጠገቧ የተቀመጠው ሰው ስቅላት ኋላ ቀርነት ነው፣ ዕድሜ ልኩን ጨለማ ቤት ቢቀመጥ ይበቃዋል በማለት የለዘብተኝነቱን ልክ አሳየ።

በዚህ ሁሉ ጫጫታ መካከል አንዲት ቃል ያልወጣት ሰው ብትኖር የሟቹ እናት ናት።

እሷ በአንድ ማተሚያ ቤት አራሚ ናት። ሥራዋ ሌላ ሰው የጻፈውን ማንበብ፣ ያላስተዋለውን ማስተዋል ነው። በመስኮቱ ሥር ባለች ጠባብ ጠረጴዛ ላይ፣ ቀይ እስክሪብቶዋን ጨብጣ፣ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጣለች። ማተሚያ ቤቱ አንድ የማይነካ ደንብ ነበረው፤ ማንኛውም ሥራ ናሙናው በእሷ እጅ ሳያልፍና ጥጉ ላይ ሳትፈርምበት ማሽን ላይ አይወጣም። የሳል መድኃኒት መግለጫ ላይ «በቀን ሦስት ማንኪያ» የሚለው «ሠላሳ ማንኪያ» ሆኖ ሊታተም ሲል የያዘችው እሷ ናት። ሥራ አስኪያጁ ይህን ታሪክ ለአዲስ ደንበኛ ሁሉ ይተርከዋል፤ ሲተርከው ግን ማንኪያው በየዓመቱ እየጨመረ ሄዶ አሁን መቶ ደርሷል።

ልጇ የቤት ስሙ ኩርፌ ነበር። ግንባሩን ቋጥሮ የተወለደ፣ ደስ ሲለው እንኳ የተቀየመ የሚመስል ልጅ ነበርና። የጓደኛው፣ የአንዲት ልብስ ሰፊ ልጅ፣ ነገር በተቃራኒው ነው፤ ሳይስቅም የሚስቅ የሚመስል፣ ሁለት ጉንጩ የተሰረጎደ ስለነበር ስርጉዴ ተባለ። ሁለቱንም ስም ያወጣችው አራሚዋ ናት። ስርጉዴ ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ በሳምንት ሦስት ቀን ምሳውን የሚበላው እሷ ቤት ነበርና መብቱ ነበራት። ከዐሥራ አራት ወር በፊት፣ ሁለቱም የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጆች ሳሉ፣ በጋራ በሚነዱት ብስክሌት ተጣሉና ስርጉዴ በትምህርት ቤቱ የኋላ ደረጃ ላይ ኩርፌን በስለት ወጋው። ኩርፌ ሆስፒታል ሳይደርስ ዐረፈ። ነገሩ ይኸው ነው፤ ከዚህ የሚበልጥ ምክንያት የፈለጉ ሁሉ ፈልገው አላገኙም።

ከዚያ ወዲህ አራሚዋ ደረጃውን ላለማየት ቤቷን ለቅቃ በከተማው ሌላ ጫፍ ታናሽ እህቷ ዘንድ ገባች። ስርጉዴ አካለ መጠን ያላደረሰ በመሆኑም ጉዳዩ በዝግ ችሎት ታየ፤ ፎቶግራፉ እንዳይወጣ ታገደ። ስለዚህ አዲሱ ሰፈሯ የሚጠላውን ልጅም ሆነ የሚያዝንለትን ልጅ በዓይኑ አይቶ አያውቅም ነበር። ይህ ግን ከመጥላትም ሆነ ከማዘን አላገደውም።

ይግባኙ በተሰማ በሦስተኛው ቀን የፍትሕ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር ናቸው፤ ልጆቻቸውን ቁርስ የሚያበሉት እንኳ ነገሩን በነጥብ ከፋፍለው ነው ስለሚባል ሰው ሁሉ «ጋሼ አጀንዳ» ይላቸዋል። ምላጭን አስከትለው ማተሚያ ቤት መጡ፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው አራሚዋ ፊት ቆሙ።

«ልጄ፣ አጀንዳችን አንድ ነው» አሉ። «የልጅሽን ፎቶግራፍ እንፈልጋለን።»

«ለምን ጋሼ?»

«ፖስተር ይሠራል። ይግባኙ የሚሰማ ዕለት ሕዝቡ ይዞት ፍርድ ቤት ደጃፍ ይቆማል። እስከዚያም ግድግዳ ይለጠፋል። ፊት የሌለው ሐዘን ሰው አይሰበስብም።»

ኩርፌ ፎቶግራፍ አይወድም ነበር። ያለው ሁሉ ወይ ጀርባውን የሰጠበት ወይ እጁን ፊቱ ላይ የጋረደበት ነው። ፊቱ ሙሉ ለሙሉ የሚታይበት አንድ ብቻ ነበር፤ ትምህርት የተዘጋ ዕለት፣ ሁለቱ ጓደኛሞች ብስክሌቱን ተደግፈው፣ አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ እጁን ጥሎ የተነሡት። ከመታወቂያዋ ጀርባ አወጣችው።

«ነገ ቆርጬው ባመጣላችሁ?» አለች።

«አንቺ ደግሞ» አለ ምላጭ፣ ፎቶግራፉን ከእጇ እየተቀበለ። «ባለሙያ ሞልቶ። የማተሚያ ቤታችሁ ዲዛይነር አይደለም እንዴ የሚሠራው?»

«እንግዲያው ከሁለቱ የእኔ ልጅ...»

ጋሼ አጀንዳ መዳፋቸውን አነሡ። «በቃ፣ በቃ። ራስሽን አታሠቃዪ። ይህን አንቺ እንድትናገሪ ማድረግ ነውር ነው።»

እንዲህም ሆኖ ዓረፍተ ነገሯ ሳያልቅ ቀረ። ሁለቱ እንግዶች ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገቡና ሌላም ነገር ተስማምተው ወጡ፤ ይህ ሥራ በእናትየዋ ጠረጴዛ ላይ አያልፍም። የልጇን ፊት እንድታርም፣ በሐዘኗ ጥግ ላይ እንድትፈርም እንዴት ይጠየቃል? ሥራ አስኪያጁ ዓይኑን እየጠራረገ ለሠራተኞቹ ትእዛዝ ሰጠ፤ ማንም ሰው ስለ ፖስተሩ አንዲት ነገር እንዳይጠይቃት። ደንቡ በማተሚያ ቤቱ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጣሰው በርኅራኄ ነበር።

በሚቀጥሉት ቀናት አራሚዋ በመተላለፊያው ስታልፍ ወሬ ይቋረጥ፣ ወረቀት ይገለበጥ ጀመር። ትልቁ ማሽን ቀኑን ሙሉ ሲያጓራ ዋለ። ምን እያተመ እንደሆነ ታውቃለች፤ እንዳታውቅ የተደከመላትን ድካም ላለማሳፈር ስትል ግን አላየሁም አልሰማሁም ብላ የምርጥ ዘር ከረጢት ጽሑፍ ስታርም ሰነበተች። ፖስተሩ ሁለት ሺህ ቅጂ ተመታ።

ሰኞ ጠዋት ከእህቷ ቤት ወጥታ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ስትሄድ፣ መድኃኒት ቤቱ ግድግዳ ላይ ስርጉዴን አገኘችው።

ግማሽ በር ያህላል። ፊቱ በብርሃን ተከቧል፤ ከሥሩ አበባ አለ፤ ከአበባው ሥር «አንረሳህም፣ የዋሁ ልጃችን» ይላል። ሁለቱ ስርጉዶች አንዱም ሳይጎድል ጉንጮቹ ላይ ተቀምጠዋል። ትከሻው ላይ ከጎን የተጣለ የአንድ ሰው እጅ ይታያል፤ አራት ጣት። የኩርፌ እጅ ነው። ከልጇ ለከተማው የተረፈው ይኸው ብቻ ነው።

አንዲት ጠና ያለች ሴትዮ ከግድግዳው ፊት ለፊት ቆማ በነጠላዋ ጫፍ እንባዋን ትጠርጋለች። አራሚዋ አጠገቧ ደርሳ ቆመች። እግሯ የሚሄድበትን ረስቶ ነበር።

«ይኼ የእኔ ልጅ አይደለም» አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

«እውነትሽን ነው እህቴ» አለች ሴትዮዋ። «የእኔም አይደለም። ግን የሁላችን ልጅ ነው። ሳቁን አየሽልኝ? ይኼ ልጅ ጉንዳን ይረግጣል?»

«እኔ የምልዎ፣ ይኼ የተገደለው ልጅ አይደለም።»

«እኔም አላመንኩም። አሁን ብቅ የሚል ነው የሚመስለኝ።» ሴትዮዋ ከቦርሳዋ ስልኳን አወጣች። «ይልቅ ገዳዩን አየሽው? ትናንት ነው የወጣው። ቅንድቡን እዪማ። እኔ የዕቃ ቤት በር ከፍቼ ይኼን ባገኝ እዚያው ነው የምሞተው።»

በስልኩ ላይ ኩርፌ ነበር። ዲዛይነሩ ቆርጦ የጣለውን ግማሽ አንድ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ በስልኩ አንሥቶ «ለብቻህ እየው» ብሎ ለአንድ ወዳጁ ልኮለታል። ወዳጁም ለብቻው አይቶ ላከው፤ ከዚያ ወዲያ ከተማው በሙሉ ለብቻው ሲያየው ነበር። ከሥሩ የተጻፈውን አራሚዋ ከልማድ የተነሣ እስከ መጨረሻው አነበበችው። አውሬ። የእፉኝት ልጅ። ያቺ የወለደችው ማኅፀን። የግራ ቅንድቡ ላይ ያለውን ጠባሳ አንዱ የወንበዴ ቡድን ምልክት ነው ብሎ አብራርቶታል። ጠባሳውን ያመጣው የመታጠቢያ ገንዳ ጠርዝ ነው። አምስት ዓመቱ ነበር፤ ሦስት ቦታ ሲሰፋ ጭንቅላቱን ደግፋ የያዘችው እሷ ነበረች።

ሥራ ስትገባ ኮቷን ሳታወልቅ ዲዛይነሩ ፊት ቆመች። ወጣት ነው፣ በሙያው የሚመካ፣ ለእሷ ግን ከልቡ አክብሮት ያለው።

«ማን መረጠው?»

«እኔ ነኝ እትዬ» አለ፣ ምስጋና የጠበቀ መስሎት እየተነሣ። ፊቷን ሲያይ ተመልሶ ተቀመጠ። «የሚጠየቅ ሰው አልነበረማ። እርስዎን እንዳንጠይቅ ተብለናል። ሁለቱን አስተያየኋቸው፤ አንደኛው ይስቃል፣ አንደኛው ተኮሳትሯል። እርስዎ ቢሆኑ የትኛውን ገዳይ ይሉ ነበር?»

«እኔ ብሆን እጠይቅ ነበር።»

እኩለ ቀን ላይ ኮሚቴው በሥራ አስኪያጁ ቢሮ አስቸኳይ ስብሰባ ተቀመጠ። አራሚዋ ነገሩን በሦስት ዓረፍተ ነገር ተናግራ ጨረሰች። ከዚያ ምላጭ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሃያ ዓመት የሰው ፊት ስላጭ ኖሬአለሁ። ፊት በማንበብ አልሳሳትም። ዲዛይነሩ ትክክል ነው።»

«ምኑ ነው ትክክል?»

«ማለቴ፣ ባይሆንም ትክክል ነው። ያየው ሰው ሁሉ አልቅሷል። የእኔ ሚስት እንኳ፣ እናቷ ሲሞቱ ያላለቀሰችው፣ አልቅሳለች።»

«ነጥብ በነጥብ እንሂድ» አሉ ጋሼ አጀንዳ፤ እስክሪብቶ አወጡ። «ነጥብ አንድ፣ ስሕተት ተፈጽሟል ወይስ አልተፈጸመም? ተፈጽሟል እንበል። ነጥብ ሁለት፣ ይግባኙ ሐሙስ ነው። ዛሬ ተነሥተን ያለቀስክለት ገዳዩን ነው፣ የሰደብከው ሟቹን ነው ብንለው ሕዝቡ ምን ይላል? ነጥብ ሦስት፣ ከዚህ በኋላ በምን አፋችን ፍትሕ እንላለን?»

«ነጥብ አራት» አለች አራሚዋ፣ «ልጄ በየስልኩ እየተሰደበ ነው።»

«እሱ ለጊዜው ነው ልጄ። ከሐሙስ በኋላ ቀስ ብለን፣ ሕዝቡ ሳይደናገጥ፣ እናስተካክላለን።»

«ጋሼ፣ እሱ እኮ ሞቷል። ቀስ የሚባልለት ነገር የለውም።»

ሰዎቹ አንገታቸውን ደፉ። በእውነትም አዘኑላት፤ ይህን መካድ ነውር ነው። ካዘኑ በኋላም ድምፅ ሰጡ። ፖስተሩ እስከ ሐሙስ እንዲቆይ በአምስት ድጋፍ በአንድ ተቃውሞ ተወሰነ። ጋሼ አጀንዳ የተቃውሞ ድምፁ የእናት በመሆኑ በቃለ ጉባኤው ላይ በልዩ አክብሮት እንዲመዘገብ አደረጉ።

የኩርፌ የድሮ የክፍል ጓደኞች ሳይናገሩ አልቀሩም። ሦስቱ ሬዲዮ ጣቢያው ደውለው ፎቶግራፎቹ ተለዋውጠዋል አሉ። አቅራቢው በጨዋ ድምፅ የተሳሳተ መረጃ ማሰራጨት እንደሚያስጠይቅ አስገንዝቧቸው ወደ ቀጣዩ ደዋይ አለፈ። ቀጣዩ ደዋይ ከሌላ ከተማ ነበር፤ ገዳዩን ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ እንደሚያውቀው፣ ያኔም ቅንድቡ እንዲህ እንደነበረ መሰከረ።

ረቡዕ ጠዋት አራሚዋ በገበያው ጀርባ ስታልፍ ግድግዳ ዙሪያ ሰው ተሰብስቦ አየች። መካከል ላይ አንዲት ሴት ፖስተሩ ላይ የተረጨውን ጭቃ እጅጌዋን እያራሰች ትጠርጋለች። ሌሎቹ ትከሻዋን ይደባብሳሉ።

«እግዜር ያጥናሽ እናቴ። እግዜር ያጥናሽ» ይሏታል። አንዱ ውሃ አቀበላት። ሌላዋ፣ «ያንን አውሬ ሳያሳድሩ ነው መስቀል» ስትላት ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች፤ አዎ ማለቷ ይሁን አይደለም ማለቷ ማንም አልለየውም።

ልብስ ሰፊዋ ናት፤ የስርጉዴ እናት። ከቀድሞ ሰፈሯ ስድብ ሲበዛባት ወጥታ እዚሁ ገበያ ጀርባ አንዲት ክፍል እንደተከራየች አራሚዋ ሰምታ ነበር። ከፍርዱ ቀን ወዲህ አልተያዩም። ሰዉ ሲበተን ሁለቱ ብቻ ቀሩ።

«አልነገርኳቸውም» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ዓይኗን ከግድግዳው ሳትነቅል። «መንገር ነበረብኝ። ግን ዓመት ካለፈው በኋላ ስለ ልጄ ደግ ነገር ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ዛሬን ብቻ ልስማ ብዬ ነው።»

አራሚዋ ፖስተሩን ጠጋ ብላ አየችው።

«ጉንጩ ላይ ጭቃ ቀርቷል» አለቻትና ሄደች።

ሐሙስ ደረሰ። ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ያለው አደባባይ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ በስርጉዴ ፊት ተሞላ። በእንጨት የተወጠረ ስርጉዴ፣ በካርቶን የተለጠፈ ስርጉዴ፣ በአንዲት እናት ደረት ላይ በመርፌ የተሰካ ትንሽ ስርጉዴ። ጋሼ አጀንዳ ድምፅ ማጉያ የተጫነበትን መኪና ቦታ ፍለጋ አዙረው አዙረው በመጨረሻ የፍርድ ቤቱ የኋላ በር ላይ አቆሙት። እስረኛ የሚገባው በዚያ በር ነበር። የማረሚያ ቤቱ መኪና ቢያጮህ ቢያጮህ ማጉያውን የሚያሸንፍ ጡሩንባ አላገኘም፤ ዞሮ መጥቶ በአደባባዩ በኩል ቆመ።

በሩ ተከፈተ። ስርጉዴ እጁ በካቴና እንደታሰረ ወረደ፤ ቀና ሲልም ራሱን ሁለት መቶ ጊዜ አየ።

ሕዝቡም አየው።

«እሱን አይመስልም?» አለ ከፊት የቆመ አንድ ሰው።

«ቁርጥ እሱን።»

«ወንድሙ ነው በሉኛ። መንታ ወንድም ነበረው ማለት ነው።»

«ታዲያ ወንድሙን ለምን አሰሩት?»

ጥያቄው ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ እየጋለ ሄደ። ወንድሙ የተገደለበትን ልጅ ደግሞ በካቴና ማምጣት ምን የሚሉት ፍትሕ ነው? አንዷ እናት ወደ ፊት ተንደርድራ ጉንጩን ዳሰሰችው። ፖሊሱ ሊያሳልፈው ሲሞክር፣ «ፍቱት» የሚል ድምፅ ከኋላ ተነሣ። «ፍቱት» አለ መሐሉ። ብዙም ሳይቆይ፣ አንድም ዓመት እንዳይቀነስ ሊጠይቅ የወጣ ሕዝብ እጁን እያጨበጨበ «ፍቱት፣ ፍቱት» ይል ጀመር። ጋሼ አጀንዳ ከሕንፃው ጀርባ ጩኸቱን ሲሰሙ ሕዝቡ የሚለው በደንብ አልገባቸውም፤ አንድነቱ ግን አስደሰታቸውና በማጉያው «በርቱ» አሉት።

ችሎቱ የተሰየመው በሁለተኛው ፎቅ፣ መስኮቱ ወደ አደባባዩ በሚከፈት ክፍል ነበር። ሦስት ዳኞች፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ጠበቃ፣ ሁለቱ እናቶች፤ ሌላ ሰው አልተፈቀደም። የልጁ ጠበቃ ስለ ዕድሜ፣ ስለ ጸጸት፣ ስለ መልካም ጠባይ የተዘጋጀውን ካሰማ በኋላ ያልተዘጋጀውን ጨመረ።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ የሕዝቡ ስሜት በመስኮት እየገባ ነው። ኅብረተሰቡ ይቅር ማለቱን በራሱ አንደበት እየገለጸ ነው።»

ዐቃቤ ሕጉ በመስኮት ተመለከተ፤ ወረቀቱን አገላበጠ። የመሐል ዳኛው ይግባኝ ባዩን የመጨረሻ ቃል ካለው ጠየቁት። ጠበቃው በዓይኑ የለም እንዲል ነገረው። ስርጉዴ ተነሣ።

«ውጭ ያለው ፎቶ የእኔ ነው» አለ።

«ምን?»

«ፖስተሩ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። በስልክ የሚሰደበው ደግሞ እሱ ነው። ማረሚያ ቤት ውስጥ አሳይተውኛል።» ጠበቃው እጅጌውን ሳበው፤ ልጁ እጅጌውን መልሶ ሳበ። «የገደልኩት እኔ ነኝ። እኔን ይስደቡ።»

«ይህ ከይግባኝህ ጋር ምን ግንኙነት አለው?»

«አላውቅም» አለ ስርጉዴ። ትንሽ አሰበና፣ «እሱ ስድብ አይችልም» አለ። «ሲሰድቡት ለሦስት ቀን አይናገርም።»

አራሚዋ ከንፈሯን ነከሰች። እውነት ነበር። ከልጇ ሞት ወዲህ ስለ እሱ የተነገሩትን ሁሉ ብታስብ፣ የየዋሁን፣ የመልአኩን፣ የአውሬውን፣ ኩርፌን የሚመስል ነገር ስትሰማ ይህ የመጀመሪያው ነበር። የተናገረው ደግሞ ይህ ልጅ መሆኑ አንገበገባት። በዓለም ላይ ልጇን በትክክል የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ቢሆኑ አንደኛው ገዳዩ ነው።

ዳኛው ወደ እሷ ዞሩ። ከፊታቸው በሰባት ገጽ የተጻፈ፣ ከሥሩ ስሟ የታተመበት ወረቀት አለ።

«ወይዘሮ፣ ይህ የቤተሰብ አስተያየት የእርስዎ ነው?»

«ኮሚቴው ነው የጻፈው። እኔ ያልኩት የለበትም።»

«እሺ፤ እርስዎ ምን ይላሉ? ቅጣቱ ይቀነስ ወይስ ባለበት ይጽና?»

«ስለ ቁጥሩ አልናገርም ክቡር ዳኛ። ሃያ ሁለትም ቢሆን ሁለት መቶ፣ ተደምሮ ልጄን አይሆንም። ይቅርታም አላደረግኩም፤ በእኔ ስም ማንም እንዳያደርግ።» ጠበቃውን አየችው። «ልጁ አሁን የተናገረው ግን ትክክል ነው። ግድግዳው ላይ ያለው የእኔ ልጅ አይደለም። የምጠይቀው እሱ እንዲመዘገብልኝ ብቻ ነው።»

የመሐል ዳኛው ከግራና ቀኝ ካሉት ጋር ተንሾካሾኩ። ከይግባኙ ጋር ግንኙነት እንደሌለው ገለጹ፤ ከገለጹም በኋላ ለመዝገብ ጸሐፊዋ ቃል በቃል አስጻፉት። ከሰዓት በኋላ ቅጣቱ ከሃያ ሁለት ዓመት ወደ ዐሥራ ዘጠኝ ዝቅ እንዲል ወሰኑ፤ ምክንያታቸው ዕድሜው ብቻ እንደሆነና ከመስኮቱ የገባው ነገር እንዳልተቆጠረ በግልጽ ጻፉ። ልብስ ሰፊዋ ውሳኔውን ስትሰማ አልተደሰተችም፤ አራሚዋም አልተቆጣችም። ሁለቱም በየፊናቸው ወጡ።

ሕዝቡ እውነቱን በሬዲዮ ሰማ። አንድ ምሽት ብቻ ግራ ተጋባ፤ በነጋታው ነገሩን ከመጀመሪያውም ጠርጥሮ እንደነበር ትዝ አለው። አውቶቡስ ውስጥ፣ «ያ ስርጉድ እኮ ሰይጣን ጣቱን ያሳረፈበት ነው፤ እኔ ያየሁት ዕለት ሆዴ አልወደደውም» ተባለ። ምላጭ በበኩሉ ፊት በማንበብ እንደማይሳሳት ለደንበኞቹ አረጋገጠ፤ ኮሚቴው ባይሰማውም እሱ ተናግሮ ነበር። ጋሼ አጀንዳ ባወጡት መግለጫ ስሕተቱ «ገዳዩን በገዛ አንደበቱ እንዲያምን ያደረገ ስልት» መሆኑ ተገለጸ።

አዲስ ፖስተርም ተሠራ። በዚህ ጊዜ ሥራ አስኪያጁ ናሙናውን በሁለት እጁ ይዞ አራሚዋ ጠረጴዛ ድረስ መጣ። ብርሃኑ ያው፣ አበባው ያው፣ ጽሑፉ ያው ነው፤ ፊቱ ብቻ ተቀይሯል። ኩርፌ በአበባው መሐል ግንባሩን ቋጥሮ፣ ማን እዚህ አመጣኝ በሚል ዓይን ያያታል። ፊቱ ትክክል ነው። «አንረሳህም» የሚለው ትክክል ይሁን አይሁን ለማረጋገጥ የሚያስችል መሣሪያ በእጇ አልነበረም። ፈረመች።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ መድኃኒት ቤቱ ግድግዳ ጋር ስትደርስ ለጣፊው ሥራውን ጨርሶ መሰላሉን ተሸክሞ እየሄደ ነበር። ከፖስተሩ ፊት ሁለት ሴቶች ቆመዋል፤ አንደኛዋ ያቺ ጠና ያለችው ናት። አራሚዋን አላስታወሰቻትም።

«ቅንድቡን እዪልኝ እህቴ» አለቻት፣ እንባዋን እየጠረገች። «ቅንድቡ ራሱ ይለምናል። ይኼ ልጅ መልአክ ነበር። ጠባሳዋ እንኳ ምን እንደሆነች ታውቂያለሽ? ታናሽ እህቱን ከመኪና ሲያድን ነው ይላሉ።»

ኩርፌ እህት አልነበረውም። አራሚዋ ፊቱን ተመለከተችው። የፈለገችው ይህንን ነበር፤ ፊቱ እንዲመለስለት። ተመልሶለታል፤ ግን ለእሷ አልተመለሰም። ነገ ደግሞ ሌላ ታሪክ ይሰፋለታል፤ ከነገ ወዲያ የእግር ኳስ አሠልጣኝ ይባረርና ከተማው ወደዚያ ሲሮጥ ልጇ ዝናብ እየመታው፣ ማስታወቂያ እየተደረበበት እዚሁ ይቀራል።

ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። በጥፍሯ የፖስተሩን የላይኛ ጥግ አነሣችና ቀስ ብላ ወደ ታች መላጥ ጀመረች። ሙጫው ገና እርጥብ ነበር።

«ምን እያደረግሽ ነው አንቺ ሴትዮ?» አለች ጠና ያለችዋ። «የሟች ምስል ይቀደዳል እንዴ? ነውር አታውቂም?»

«አልቀደድኩትም» አለች አራሚዋ፣ እጇን ሳታቆም። «ይበቃዋል። ቤቱ ይግባ።»

ሴትዮዋ ፖሊስ እንደምትጠራ ተናገረች፤ ስልኳን አውጥታም መጥራቱን ትታ ፎቶ ማንሣት ጀመረች። አራሚዋ ልጇን ከላይ እስከ ታች አንድም ቦታ ሳይተረተር አወረደችው፤ ሙጫው ወደ ውጭ፣ ፊቱ ወደ ውስጥ እንዲሆን አድርጋ ጠቀለለችው። የኮቷ እጅጌ ሙጫ በሙጫ ሆነ።

ከሥሩ አሮጌው ፖስተር ብቅ አለ። ስርጉዴ፣ እርጥበት ያሳበጠው ጉንጩ ሳይቀር፣ ይስቃል። መንገደኛውም እየቆመ ይሳደብ ጀመር። እጇን አነሣች፤ መልሳ አወረደችው። ይኼኛው የእሷ አልነበረም።

ገበያው ጀርባ ልብስ ሰፊዋ በሯን ከፍታ ለብርሃኑ ስትል ደጃፍ ላይ ማሽኗን አስቀምጣ ትሰፋለች። አራሚዋ ጥቅሉን በሁለት እጇ ይዛ ሳትቀመጥ፣ ሰላምም ሳትል ቆመች። ማሽኑ ዝም አለ።

«መድኃኒት ቤቱ ግድግዳ ላይ የአንቺ ቀርቷል» አለቻት። «ሊተፉበት ሰው እየተሰበሰበ ነው። ሙጫው ሳይደርቅ ድረሽ።»

መልስ አልጠበቀችም። ጥቅሉ እንዳይጣበቅ ከገላዋ ራቅ አድርጋ ይዛ ወደ ቤቷ አቀናች።